ሣራ እንጎቻውን፣ አብርሃም ጥጃውን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ የምንማማረው ስለ ማድቤት ነው። «ማድቤት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መንፈሳዊ ትምህርት የሆነው?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ይታገሠኝ።

የትንሣኤን ሌሊት አስቡት። ደብረ ብርሃን ላይ ነን። ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ምእመኑ በጋቢ ላይ ነጠላ ደርቦ ግቢውን ሞልቶታል። ጧፉ በርቷል። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይመልሳል። እስቲ በዚያች ሰዓት ዙሪያችሁን ተመልከቱ። አያቶች አሉ። ያላገቡ ወጣቶች አሉ። አባወራዎችማ ሞልተዋል። ባለትዳር እናቶችስ? ሳሳ ይላሉ። ብዙዎቹ ቤት ናቸው፣ ድስት ሥር።

እነዚህ እናቶች 55ቱን ቀን ጾመዋል። ሰሞነ ሕማማትን ሰግደዋል። ትንሣኤው ሲበሠር ግን ቁሌት እያማሰሉ ነው።

የዶሮ ወጥ ቀልድ አይደለም። የሠራ ያውቀዋል። ላባው ይነጫል፣ ገላው በእሳት ይለበለባል፣ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣለታል፣ በሎሚና በጨው ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከሸዋ ሮቢት የመጣው ቀይ ሽንኩርት ተልጦ፣ ደቅቆ ተከትፎ ድስት ውስጥ ይገባል። የራሱን ውኃ እስኪጨርስ ይማሰላል። በርበሬው ይገባል፣ ጠብ ጠብ እየተደረገለት እንደገና ይማሰላል። ቅቤው ይከተላል። ሰዓታት ይሄዳሉ። እጅ ከማማሰያው አይነሣም። ቁሌቱ አንዴ ካረረ ዶሮውም ቀረ፣ በዓሉም ቀረ፣ የአባወራው ፊትም ጠቆረ።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቶሎ ይፈላል፣ ግን ሙቀቱ ያንሳል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ቶሎ የሚፈርሰው ክክ እኛ ጋ ሲደርስ ይለግማል። ባቄላውም እንደዚያው። መሐል ሜዳ ያላችሁ የመንዝ ሰዎች ደግሞ ከእኛም በላይ ከፍ ስለምትሉ የባሰውን እናንተ ታውቁታላችሁ። «ምነው እስካሁን አልደረሰም?» የሚል ባል ይህንንም ቢያውቅ ጥሩ ነው። ሚስቱ አልዘገየችም፤ አገሩ ደጋ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው የሆነ ነገር ይቀርበታል። ድስቱ አይቀርም፣ ልጁን ማጠቡ አይቀርም፣ እንግዳው አይቀርም። የሚቀረው ጸሎቱ ነው። እኔ ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው፤ ባልና ሚስት አብረው እንዲያስቀድሱ አብረው ያብስሉ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 7 ላይ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩና እንዲያከብሯቸው ካዘዘ በኋላ «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ይላል። ይህችን ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ከሚስትህ ተጣልተህ አትጸልይ» ለማለት እንጠቅሳታለን። ትክክል ነው። ነገር ግን ሳይጣሉም ጸሎት ይከለከላል። በፍቅር እየኖሩ፣ «ውዴ» እየተባባሉ፣ የአንዷ ጸሎት በሽንኩርት ልጣጭ ሥር ተቀብሮ የሚከርምበት ቤት አለ። ሁለቱ አንድ ሥጋ ናቸው ብለን የለ? ታዲያ የእሷ ጸሎት ሲከለከል የእሱ ተረፈ ማለት እንችላለን?

አሁን ዘፍጥረት ምዕራፍ 18ን እንክፈት። ሐምሌ 7 የምናከብረው በዓል ነው፤ ቅድስት ሥላሴ በአብርሃም ቤት የተስተናገዱበት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰማይ በታየው ብርሃን ምክንያት በቆረቆሯት ከተማ ለምንኖር፣ ሥላሴን ለምንማጠን ሰዎች ይህ ታሪክ የቤታችን ታሪክ ነው። በየዓመቱ እንሰማዋለን። ግን ማድቤቱን ዘለን ነው የምንሰማው።

ቀኑ ሞቋል። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል። ሦስት ሰዎች ቆመው አየ። ሮጦ ተቀበላቸው፣ ሰገደ። ከዚያ ፈጥኖ ወደ ድንኳኑ ገባና ሣራን ሦስት መስፈሪያ የተሰለቀ ዱቄት ፈጥና እንድታዘጋጅ፣ እንድትለውስና እንጎቻ እንድታደርግ ነገራት። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ መጽሐፉን እናጥፋለን። «ይኸው! አብርሃም አዘዘ፣ ሣራ ጋገረች» እንላለን። ኧረ ቀጥሉ። ከዚያ በኋላ አብርሃም ራሱ ወደ ላሞቹ ሮጠ። ደህናውን ጥጃ መርጦ ይዞ መጣ። ለብላቴናው ሰጥቶ አቻኮለው። ከዚያም እርጎውን፣ ወተቱንና የተሰናዳውን ጥጃ ራሱ ተሸክሞ አቀረበ። እንግዶቹ ሲበሉ እሱ ከዛፉ ሥር ቆሞ ነበር። እንደ አስተናጋጅ ማለት ነው።

ይህ ሰው ማን ነው? የ99 ዓመት ሽማግሌ ነው። ቀደም ብሎ በምዕራፍ 14 ሎጥን ለማስመለስ ሲዘምት በቤቱ የተወለዱ 318 ብላቴኖች አስከትሎ የወጣ ባለጸጋ ነው። 318 ሰው እያለው ለምን ሮጠ? ሣራስ በአገልጋይ ማስለወስ ሲቻል ለምን ራሷ ዱቄቱን ያዘች? ቤታቸው የመጣውን እንግዳ በገዛ እጃቸው ማስተናገድ ስለፈለጉ ነው። አንዱ መስተንግዶ ለሁለት ተከፈለ። ሊጡ ከእሷ፣ ጥጃው ከእሱ።

ቀጥሎ ያለችውን ጥያቄ ደግሞ ተመልከቱልኝ። እንግዶቹ «ሚስትህ ሣራ ወዴት ናት?» ብለው ጠየቁ። አብርሃም «በድንኳኑ ውስጥ ናት» አለ። የልጁ ተስፋ የተነገረው ከዚህች ጥያቄ በኋላ ነው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የት እንዳለች አጥቶት አልጠየቀም። በረከቱ እሷን ይዞ ስለነበር በስሟ ጠራት እንጂ። በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዞ ለቆመ ባል ይህች ጥያቄ ብትቀርብለት ምን ብሎ ይመልሳል? «ማድቤት ናት» ነዋ። ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል ብዬ እሰጋለሁ፦ «አንተስ ጥጃውን አመጣህ ወይ?»

ከራሳችን አፈርም ምስክር አለን። ቡልጋ ሩቅ አይደለም። የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች፣ ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ፣ የቅዱስ ሚካኤልን መታሰቢያ በየወሩ የሚያደርጉ፣ ድኻ የሚያበሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ገድሉ እንደሚነግረን ረኃብ በገባበት ጊዜ እናታቸው ለዝክሩ የምታሰናዳው አጥታ አዘነች። ያን ጊዜ ፍሥሐ ጽዮን ተብሎ የሚጠራው ሕፃን እጁን ባለችው ጥቂት ዱቄት ላይ ቢያኖር ዱቄቱ በረከተ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ጓዳ ውስጥ ነው። ካህኑ ጸጋ ዘአብና ሚስቱ ዝክሩን የሁለታቸው አድርገው ባይይዙት ኖሮ ያ ሕፃን በዚያ ቤት ምን ያይ ነበር? ዛሬ የእኛ ልጆች ጽዋ ማኅበር ተራ ሲደርሰን የሚያዩት ሌላ ነው። እናት ጠላ ትጠምቃለች፣ ድፎ ትደፋለች፣ ወጥ ትሠራለች። አባት ጽዋውን ይቀበላል፣ ይመረቃል። ምርቃቱስ ለማን ነበር?

እሺ፣ አሁን ወደ ሼሙ እንምጣ። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው ነገር እኛ አገር ሥር የሰደደ ነው። አደባባይ ላይ የማይፈራ ጀግና ማማሰያ ይዞ እንዳይታይ መጋረጃ ይዘጋል። ግን ይህ አባባል ከየት መጣ? ከወንጌል አይደለም። ከቤተ ክርስቲያንም አይደለም።

ቤተ ልሔሙን ተመልከቱ። በምድር ላይ ከሁሉ የሚከብረው ኅብስት የሚሰናዳው እዚያ ነው። ዱቄቱን የሚያቦካው፣ የሚጋግረው ማን ነው? ዲያቆን ነው፣ ወንድ ልጅ። ዘቢቡንም አዘጋጅቶ የሚጨምቀው እሱ ነው። ወንዶች ብቻ በሚኖሩበት ገዳም እንጀራ የሚጋግሩት፣ ወጥ የሚሠሩት መነኮሳት ናቸው። ቆሎ ተማሪ የነበሩ አባቶቻችንን ጠይቁ። የለመኑትን ቁራሽ አድርቀው፣ ሽሮ አንተክትከው ነው ቅኔ የተማሩት። የመምህሩን ምግብ ያሰናዱ የነበሩትም ደቀ መዛሙርቱ ናቸው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ማዕድ ላይ ማጉረምረም ሲነሣ ሐዋርያት ቃሉን ትተው ማዕድ ማገልገል እንደማይገባቸው ተናገሩ። ይህን ጥቅስ ይዞ «ይኸው፣ ማዕድ የበታች ሥራ ነው» የሚል ወንድም አጋጥሞኛል። ሐዋርያት ማዕዱን ለማን ሰጡት ታዲያ? በመልካም የተመሰከረላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ወንዶች ነው የመረጡት። የመጀመሪያው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ሊቀ ዲያቆናት፣ ቀዳሜ ሰማዕት የምንለው አባት የተሾመው በማዕድ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ነው። ጌታ ሞትን ድል አድርጎ ተነሥቷል። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ መረብ ሲጥሉ አድረው ምንም አልያዙም። ሲነጋ በቃሉ ጣሉና መረቡ ሞላ። ወደ ምድር ሲወጡ ምን አዩ? ፍም። በላዩ ዓሣ ተቀምጧል። እንጀራም አለ። «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አላቸው። ፍሙን ማን አያያዘው? ዓሣውን ማን ጠበሰው? ሰማይና ምድርን የፈጠሩ እጆች፣ የችንካሩ ምልክት ያለባቸው እጆች ናቸው። ሌሊቱን በሥራ ላደሩ ሰዎች ቁርስ አሰናድቶ ጠበቃቸው። እኛ ቤት ደግሞ ሌሊቱን በሥራ ያደረችው ራሷ ታሰናዳለች፣ ራሷ ታቀርባለች፣ ሁሉም ከጠገበ በኋላ የድስቱን ጠርዝ ታዳርሳለች። ፈረሰኛውማ ተሰጥቷል፣ ለአባወራው።

ደግሞ ነገሩን በጥንቃቄ ካያችሁት ወንዱ ከማድቤት ሥራ ጨርሶ ወጥቶ አያውቅም። በግ የሚያርደው፣ የሚገፈው፣ የሚበልተው እሱ ነው። ዶሮ አራጅ ሲጠፋ ሴት ጎረቤት ሄዳ ወንድ የምትለምንበት አገር ነው ያለነው። «በስመ አብ» ብሎ ቢላዋውን ያነሣል፣ እጁ ደም ይነካል፣ ማንም ሴታሴት አይለውም። እሱ ያረደው ዶሮ ማድቤት ሲገባ ግን ዘመድነታቸው እዚያው ያበቃል።

የባለቤቴ እናት የመንዝ ሰው ናቸው። አንድ የበዓል ዋዜማ ከገጠር ሲመጡ ልጃቸውን ሽንኩርት ሲከትፍ አገኙት። ዐይኑ እንባ አቅርሯል። መጀመሪያ የታመመ መስሏቸው ደነገጡ። ኋላ መክተፊያውን አዩ። «ኧረ ልጄን! ምነው ማጀት ከተትሽብኝ?» አሉኝ። እኔ ምን እላለሁ፣ አማቴ ናቸው። ዝም አልኩ። እሱ ነው የመለሰው። «እማዬ፣ ዶሮውን ያረድኩት እኔ፣ ወጡን የምበላው እኔ። መሐል ላይ ያለውን ሥራ ማን ነው የከለከለኝ?» አሁንም አላመኑም። በርጩማ ስቦ አስቀመጣቸውና «የአንቺ ቁሌት ነው የሚጣፍጠው፣ እስቲ መቼ በርበሬ እንደሚገባ አሳይኝ» አላቸው። እዚህ ላይ ተሸነፉ። ማታውን ሙሉ «አማስለው! አማስለው እንጂ፣ ሊያር ነው!» እያሉ ሲያዙት አመሹ። ዛሬ መንዝ ሄደው ምን እንደሚያወሩ እግዚአብሔር ይወቅ።

ይህን የማነሣው ለምንድን ነው? እናት ስትመጣ ማማሰያውን ጥሎ ሳሎን መሮጥ ሚስትን ብቻዋን ማጋፈጥ ነው። እናትን መሳደብ፣ «ኋላ ቀር» ማለት ደግሞ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ ማፍረስ ነው። መልስ መስጠት ያለበት ልጅየው ነው፣ ያውም በአክብሮት። ምራት ከተናገረች ነገሩ ጠብ ይሆናል።

ስለ ጾም ደግሞ የተለየ ነገር መናገር አለብኝ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ የእኛ አገር ውርጭ አብሮ ይገባል። ጠዋት ባልዲ ላይ ያደረው ውኃ ይጋገራል። በዚያ ውኃ ምስር ያጠበ እጅ ምን እንደሚሰማው ለወንዶች መንገር ያስቸግራል። ይሞክሩት። በፍልሰታ ደግሞ ቅዳሴው በየቀኑ ነው። አባወራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ወጥቶ ጠበል ጠጥቶ ሲመጣ ማዕዱ ቀርቦ ይጠብቀዋል። ያቀረበችውም ጾማለች፣ በዚያ ላይ የምስር ወጥ ሲንተከተክ ሽታው አፍንጫዋ ላይ ነው የዋለው። ቅዳሴውን ግን አላገኘችም። ከዚያ «ዛሬም ሽሮ ነው?» ይላታል።

ወንድሜ፣ ይህን ስትል የማንን ጾም ነው የምትጾመው? ጾሙን አንተ፣ ድካሙን እሷ የምትይዙት ከሆነ ሁለታችሁም ጎደሎ ናችሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ቁጥር 5 ላይ ባልና ሚስት ለጸሎት ለመትጋት ሲሉ ተስማምተው ለጊዜው መታቀብ እንደሚችሉ ይናገራል። በጾም ከመኝታ መከልከልን ብዙዎቻችን በጥንቃቄ እንጠብቃለን፣ ይበል። ግን ሐዋርያው የሚለየው ሁለቱም እንዲጸልዩ ነው። አንዱ እንዲጸልይ፣ አንዷ እንድትከትፍ አይደለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በፍልሰታ አንድ ቀን እሷ ታስቀድስ፣ አንተ ክኩን ጠብቅ። ልጅ የሚይዝ ሰው ከተገኘ ደግሞ ሌሊት ተነሥታችሁ አንድ ላይ አሰናዱና አንድ ላይ ሂዱ። ለትንሣኤ ዶሮው በቀዳም ሥዑር በጊዜ ይታረድ፣ ሽንኩርቱን ሁለት ቢላዋ ይዛችሁ ተካፈሉት፣ ወጡ ሳይመሽ ይውጣ። ከቅዳሴ ስትመለሱ ማሞቅ ብቻ ነው የሚቀረው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለና አንዳችሁ መቅረት ግድ ከሆነ ደግሞ ተራ ግቡ። አምና እሷ ከቀረች ዘንድሮ ማን እንደሚቀር ለመናገር የነገረ መለኮት ዲግሪ አያስፈልግም። የበዓሉ ቀን ብቻም አይደለም። ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ ባልም ሚስትም ሺፍት የሚገቡበት ቤት ብዙ ነው። እኩል ደክሞ መጥቶ አንዱ ሶፋ ላይ በስልክ፣ አንዷ ምድጃ ላይ በእግሯ የሚያመሹበት ሥርዓት የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈ አላውቅም።

እኅቶቼ፣ እኛም ነገር አለን። ባል ማድቤት ሲገባ የምናባርረው እኛ ነን። «ሽንኩርት እንዲህ ነው የሚከተፈው?» «ጨው አበዛኸው!» «ተወው፣ ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ!» እንላለን። ሰውዬው ሁለተኛ አይመለስም። ከዚያ ማታ ለእመቤታችን እያለቀስን «ማንም አያግዘኝም» እንላለን። ማርታን አስታውሱ። ሉቃስ 10 ላይ ጌታ ማርታን ወጥ በመሥራቷ አልወቀሳትም። ሲበላ የነበረው እኮ የእሷን ነው። በብዙ መጨነቋንና መታወኳን ነው የነገራት። የእሷን ጸሎት ስትሰሙት የብዙ ሴቶች ጸሎት ነው፦ እኅቴ ብቻዬን ስትተወኝ አይገድህምን? እንድታግዘኝ ንገራት። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ ያው ቤተሰብ በቢታንያ እንደገና እራት አዘጋጀ። እዚያም ማርታ ታገለግል ነበር ይላል። ማገልገሉን አልተወችም። ማጉረምረሟ ግን አይሰማም። ወጡ ትንሽ ቢያርር፣ ሽንኩርቱ ትልልቅ ቢሆን ምን ችግር አለው? ምሳሌ 15 ቁጥር 17 ፍቅር ያለበት የጎመን ወጥ ጥል ካለበት የሰባ ፍሪዳ ይሻላል ይላል። ሰሎሞን ጎመኑ በደንብ ተከትፎ እንደሆነ አልጻፈም።

አብሮ ማብሰል የሚሰጠው ሌላም ነገር አለ። ጊዜ ይሰጣል። ቁሌት ሲማሰል እጅ ይያዛል እንጂ አፍና ጆሮ ነፃ ናቸው። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት ተከፋፍላ የተሰጠችን በረከት ናት። የዕለቷን አንዱ እያነበበ አንዱ ያማስል። ግእዙ ለሚከብደው በአማርኛ ይነበብ። መዝሙረ ዳዊትም እንዲሁ። እኛ ቤት የሰኞዋ ውዳሴ ስታልቅ ሽሮው እንደሚደርስ ልጆቹ ያውቃሉ። ማድቤት ሐሜት በብዛት የሚቦካበት ቦታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ የእመቤታችን ስም ሲጠራ ለሐሜቱ ቦታ ይጠበዋል። ልጆችም «ጸልዩ» ተብለው ሳይሆን አባታቸው እያማሰለ እናታቸው ስታነብ ሰምተው ይለምዱታል።

ስለ አራስ ቤት ባጭሩ ልበል። ሚስትህ ስትወልድ የጎረቤት ሴቶች ገንፎ ሠርተው ይመጣሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እነሱ ሲሄዱ ግን ሌሊቱ ረጅም ነው። የገብስ ገንፎ መማር አለብህ። ውኃው ሲንተከተክ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየበተንክ በእንጨቱ በኃይል ማገንፋት ነው። እጅህን ካሰነፍከው ይጓጉላል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሥራ ጉልበት ስለሚፈልግ ለወንድ የተሠራ ይመስላል። መሐሉን ጎድጉደህ ቅቤና በርበሬውን አፍስስበትና ትኩሱን ስጣት። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የእርስ በርሳችሁን ሸክም ተሸከሙ ብሎ የጻፈው፣ እንዲህ ሲሆን የክርስቶስን ሕግ ትፈጽማላችሁ ያለው፣ እንዲህ ያለውንም ሌሊት ይጨምራል ብዬ አምናለሁ።

አንድ የሚቀረኝ ጥያቄ አለ። ከሰንበት ትምህርት በኋላ እኅቶች ለብቻ እየጠሩኝ ይጠይቁኛል። «ባሌ እምቢ ካለስ?» ይላሉ። አትጨቃጨቂ። ይህን ጽሑፍም ፊቱ ላይ አትወርውሪበት፤ ጥቅስ እንደ ድንጋይ ሲወረወር ያቆስላል እንጂ አያሳምንም። ለንስሐ አባታችሁ ንገሪያቸው። ብዙ ጊዜ አባወራ ከሚስቱ የማይሰማውን ከእሳቸው ይሰማል። ከዚያ ትንሽ ነገር ጠይቂው። ሽንኩርት ላጥ አትበይው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ማታ ሽሮ ስትሠሪ በርጩማ ማድቤት አስገቢና «ውዳሴ ማርያም አንብብልኝ፣ እጄ ተይዟል» በይው። ለዚህ እምቢ የሚል ክርስቲያን እስካሁን አልገጠመኝም። ይቀመጥና ያንብብ። ጭሱም ይንካው። ስለ መክተፊያው በሁለተኛው ሳምንት ትነጋገራላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።